«መርፌው አይደለም» ማለት ብቻውን ሕክምና አይሆንም

በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ወገቧን ሲያማት እጇ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ የማደንዘዣው መርፌ ወደ ገባበት። «ከዚያ መርፌ ወዲህ ወገቤ ወገብ አልሆነም» ትላለች። ይህን ጸጉር ቤት ሰምቼዋለሁ፣ ለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ፣ አራስ ልጠይቅ በሄድኩበት ሁሉ ሰምቼዋለሁ። ሥራዬ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ማደንዘዣ መስጠት ስለሆነ ነገሩ ሲነሣ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። የእኛ የባለሙያዎቹ መልስም የታወቀ ነው፤ «መርፌው አይደለም» እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ እውነታችንን ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ምንም አለመጨመራችን ነው። እናቲቱ ሕመሟን ይዛ መጥታ ሕመሟን ይዛ ትመለሳለች፤ በዚያ ላይ ያልታመነች ሰው ሆና ትመለሳለች። ይህ ልክ አይደለም፤ ልክ አለመሆኑን ስናገርም የሙያ ባልደረቦቼም ሌላው ሰውም እንዲሰሙኝ እፈልጋለሁ።

እኔም ልጄን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው። ለሌሎች የምሰጠው መርፌ ለእኔም ተሰጥቶኛል፣ ከዚያ በኋላ ወገቤን ለወራት አሞኛል። የምናገረው ሁለቱንም አይቼ ነው።

መጀመሪያ ስለ መርፌው ልናገር። እናት በዚያች ሰዓት ጀርባዋን ሰጥታን ስለምትቀመጥ ከኋላዋ የሚሆነውን አታየውም፤ ያልታየ ነገር ደግሞ በሐሳብ ውስጥ ይገዝፋል። ኦፕራሲዮን አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ትራስ አቅፋ፣ አገጯን ደረቷ ላይ አሳርፋ፣ ጀርባዋን ወደ ውጭ እንድታጎብጥ እንነግራታለን። ሆዷ ሙሉ ሆኖ፣ ምጡም መጣ ሄደ እያለ ይህን ማድረግ ከባድ ነው፤ አንዲት አዋላጅ ፊት ለፊቷ ቆማ ትከሻዋን ትይዝላታለች። ጀርባዋ በሚቀዘቅዝ ማጽጃ ይታበሳል። የሁለቱን ዳሌ አጥንቶች ጫፍ በእጃችን እንዳስሳለን፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መሥመር የሚያልፈው በአራተኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው እዚያው ወይም አንድ ክፍተት ከፍ ብሎ ነው። ሕብለ ሰረሰር በአብዛኛው አዋቂ ሰው ከዚያ በላይ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አከርካሪ ዙሪያ ያበቃል። ከዚያ በታች ያለው በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፍ የነርቭ ክር ነው። መርፌው ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ጥቂት ሚሊ ሊትር ቡፒቫኬይን የሚባል መድኃኒት ይገባል፣ መርፌው ይወጣል፣ በቃ። በደቂቃዎች ውስጥ እግሯን ሞቅ ይላታል፣ ቀጥሎ ይከብዳታል። ጀርባዋ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም።

ኤፒዱራል ግን ሌላ ነው። እዚህ መርፌው የነርቩን ከረጢት ሳይበሳ ከበሩ ላይ ይቆማል፤ በእርሱ በኩል ቀጭን ላስቲክ ይገባና መድኃኒቱ በምጡ ሰዓታት ሁሉ ጥቂት በጥቂት ይሰጣል። በእኛ አገር በመንግሥት ሆስፒታሎች ለኦፕራሲዮን የሚሰጠው በአብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት፣ ስፓይናል የምንለው ነው፤ ለምጥ ኤፒዱራል የምታገኝ እናት ጥቂት ናት። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ግን ኤፒዱራሉን በደንብ ያውቁታል። ቨርጂኒያ የምትኖር የአጎቴ ልጅ ኤፒዱራል ተደርጎላት ምጧን ስትጠብቅ ቆይታ በመጨረሻ በኦፕራሲዮን ወለደች። በስልክ ያለችኝ እዚህ ከምሰማው በአንድ ቃል አይለይም፤ «ጀርባዬን አበላሹት» ነው ያለችኝ። ዘዴው ቢለያይም አገሩ ቢለያይም ጥርጣሬው አንድ ነው።

ጥርጣሬው ደግሞ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ይህን ሳያምኑ «መርፌው አይደለም» ማለት አግባብ አይመስለኝም። በፈረንጆቹ 1990 በእንግሊዝ በርሚንግሃም ከወለዱ ከ11 ሺህ በላይ እናቶች መረጃ ተሰብስቦ የወጣ ጥናት፣ በምጥ ጊዜ ኤፒዱራል ከወሰዱት ከመቶው 19 ያህሉ፣ ካልወሰዱት ደግሞ ከመቶው 11 ያህሉ ለረጅም ጊዜ የቆየ የጀርባ ሕመም እንደ ጀመራቸው ተናገሩ ብሎ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ነገር ግን እናቶቹ የተጠየቁት ከወለዱ ከቆዩ በኋላ፣ የሚያስታውሱትን እንዲናገሩ ነው። ኤፒዱራል የወሰዱት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምጣቸው የረዘመባቸው፣ ቀድሞውንም የከበዳቸው ናቸው። በኋላ በተሠሩ ጥናቶች እናቶች በዕጣ ተከፍለው ከመጀመሪያው ጀምሮ ክትትል ሲደረግላቸው ልዩነቱ ጠፋ። በፈረንጆቹ 2018 የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማም ኤፒዱራል የረጅም ጊዜ የጀርባ ሕመምን እንደማይጨምር ነው የደመደመው።

መርፌው ምንም አያደርግም ማለቴ ግን አይደለም። የተወጋው ቦታ ለጥቂት ቀናት ሲነኩት ያማል፤ በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለማግኘት ተደጋግሞ ከተሞከረ ደግሞ የበለጠ ይቆስላል። የመርፌው እውነተኛ ጣጣ ራስ ምታት ነው። ይህ የታወቀው ከጅምሩ ነው፤ ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም አውግስት ቢር በ1898 ኪል ከተማ ውስጥ ይህን ማደንዘዣ ሲጀምር በራሱ ላይም አስሞክሮ ለቀናት ያስተኛ ራስ ምታት ይዞት ነበር። ስትቀመጥ ወይም ስትቆም የሚብስ፣ ስትጋደም የሚለቅ ራስ ምታት ያላት አራስ «ድካም ነው» ተብላ መተው የለባትም። ሕክምና አለው፤ ወደ ወለደችበት ሆስፒታል ትመለስ።

ታዲያ ወገቡን የሚያመው ምንድን ነው? የእኔ የጀመረኝ መርፌው ከገባበት ሳይሆን ከዚያ ዝቅ ብሎ በቀኝ በኩል፣ ዳሌና አከርካሪ በሚገናኙበት ላይ ነው። ልጄን በሳፋ አጥቤ ቀና ልል ስል ያዘኝ፤ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። እናቴ ልጁን ተቀብላ «መርፌው ነው ልጄ፣ እኔ አምስት ስወልድ ማን ወጋኝ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አምስታችንንም በቤቷ ነው የወለደችን፣ አንድም መርፌ ጀርባዋን አልነካትም። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት ወገቧን በመቀነት ጥፍር አድርጋ ነው። «የአንቺስ ከምን መጣ እማዬ?» አልኳት። «የእኔማ የእንስራው ነው» አለች፣ ሳታስብበት። አንድም መጽሐፍ እንደዚህ አድርጎ አላስረዳኝም። መርፌ ያልነካው ወገብ በሸክም ይታመማል፤ መርፌ የነካው ወገብም ሸክሙ አልቀረለትም።

ሸክሙ የሚጀምረው ከእርግዝናው ነው። ከነፍሰ ጡሮች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ገና ሳይወልዱ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ በእርግዝና ጊዜ ያመማት ደግሞ ከወለደች በኋላም የመታመም ዕድሏ ከፍ ያለ ነው። ሆድ ወደ ፊት ሲወጣ ወገብ ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደ ውስጥ ይገባል። የዳሌን መገጣጠሚያ የያዙት ጅማቶች በእርግዝናው ሆርሞን ይላላሉ። የሆድ ጡንቻ ተወጥሮ ተወጥሮ መሐሉ ይከፈታል። ኦፕራሲዮኑ በዚህ ላይ ይጨመራል። ቆዳውና ከሥሩ ያለው ጠንካራ ሽፋን ይቀደዳል፤ ጡንቻዎቹ በአብዛኛው ባይቆረጡም ግራና ቀኝ ይገለጣሉ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሆዷ ወገቧን አያግዝላትም። ቁስሉን እየፈራች ጎበጥ ብላ ትሄዳለች። ልጁን ልታጠባ አንገቷን ሰብራ፣ ትከሻዋን ጥላ ትቀመጣለች፤ ያውም በቀን ስምንት፣ አሥር ጊዜ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ። ይህን ሁሉ የሚችል ወገብ የለም። ነገር ግን አንዱም እንደ መርፌው በአንዲት ደቂቃ፣ በፍርሃት ውስጥ፣ ጀርባ ላይ የደረሰ አይደለምና አንዱም አይታወስም።

ስለ አራስ ቤታችንም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ወጋችንን እወደዋለሁ። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ አራስን ብቻዋን አለመተዉ፣ ውሃ አንሺ እንጨት አንሺ አለመባሏ፣ ይህን የሚያህል የእናት እንክብካቤ ብዙ ቦታ አይገኝም። ሁለት ነገር ግን ይጎዳታል። አንደኛው በኦፕራሲዮን የወለደችን ሴት «አትነሺ፣ ይቀደዳል» ብሎ አልጋ ላይ ማስቀረት ነው። ማደንዘዣው ለቅቋት እግሯ ሲጠናላት፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ፣ ሰው ደግፏት መራመድ መጀመር አለባት፤ ለወገቧም፣ እግር ውስጥ ደም እንዳይረጋም ይኸው ነው የሚጠቅማት። ሁለተኛው ደግሞ ዕረፍቱ የሚያልቅበት መንገድ ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ድግሱ ሲያልቅ እናት ጓዟን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በማግስቱ ምጣድ ፊት በርጩማ ላይ ናት፣ ወይም ሃያ ኪሎ የሚመዝን ጀሪካን ይዛ ደረጃ ትወጣለች። ምንም ካለማንሣት ሁሉን ወደ ማንሣት በአንድ ቀን ትሻገራለች። ማንም ስፖርተኛ ከጉዳት በኋላ እንዲህ ወደ ሜዳ አይመለስም።

መቀነቱን እናቴ አሰረችልኝ፤ ደግሞም ረዳኝ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆድን ደገፍ የሚያደርግ ሰፊ ጨርቅ፣ ቁስሉን ሳይጭን ከታሰረ፣ መነሣት መቀመጡን ያቀላል። ጡንቻውን ግን አያጠነክረውም። እኔን ያዳነኝ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሥራ ባልደረባዬ ያሳየችኝ ነው፤ የማሳየው ለሁሉም ስለሆነ እዚህም እጽፈዋለሁ። ከአልጋ ስትነሺ በጀርባሽ እንደተኛሽ ቀጥ ብለሽ አትነሺ። ጉልበትሽን አጥፈሽ ሰውነትሽን ሁሉ ባንድ ላይ ወደ ጎን አዙሪ፣ እግርሽን ከአልጋው ላይ አውርጂ፣ ከዚያ በክንድሽ ገፍተሽ ተነሺ። ስትስቂና ስታስዪ ትንሽ ትራስ ቁስሉ ላይ ያዢ። ስታጠቢ ልጁን ወደ ጡትሽ አምጪው እንጂ አንቺ ወደ ልጁ አትጎንበሺ፤ ከጀርባሽ ትራስ፣ ከልጁ ሥር ትራስ፣ ከእግርሽ ሥር ዝቅ ያለ በርጩማ። ሳፋውን ከመሬት አንሥተሽ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው። እኔ ይህቺን አንዷን ብቻ በመቀየር ነው ማታ ማታ መተኛት የጀመርኩት።

ቁስሉ ሲያገግም ደግሞ ሆዱን ማስተማር ይቀጥላል። በጀርባ ተጋድሞ፣ ጉልበት አጥፎ፣ አየር ሲወጣ የእምብርትን ታች በዝግታ ወደ ውስጥ መሳብ፣ ወገብን ፍራሹ ላይ ጫን አድርጎ ቆይቶ መልቀቅ። ሽንት እንደሚይዝ ሰው የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን ጨብጦ መልቀቅ። በእግር መሄድ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያስረዘሙ። ሲያዩት ምንም አይመስልም፤ ሰው ደግሞ በቀላል ነገር መዳን ስለማይመስለው ወደ ወጌሻ ይሄዳል። አዲስ ቁስል ያለባትን ሴት በቅቤ አሽቶ ወገቧን የሚጠመዝዝ ሰው ያለበት ቤት እንዳትሄጂ እለምንሻለሁ። ማዘሉን በተመለከተ፣ ልጅ ከፍ ብሎ ጠበቅ ተደርጎ ሲታዘል ክብደቱ ከሰውነት ጋር ስለሚጠጋ ዳሌ ላይ አንጠልጥሎ ከመያዝ ይሻላል። ነገር ግን የማዘያው ቋጠሮ ቁስሉ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ቁስሉ እስኪድን ይጠበቅ። ማስታገሻም ነውር አይደለም። ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን የምታጠባ እናት ልትወስዳቸው የምትችል መድኃኒቶች ናቸው፤ የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ችግር ያለባት ግን ኢቡፕሮፌኑን ሐኪም ሳትጠይቅ አትውሰድ። «ወደ ጡቱ ይገባል» ብለው በሕመም ጥርሳቸውን ነክሰው የሚያድሩ እናቶች ያሳዝኑኛል።

እዚህ ጋ አንድ ማስጠንቀቂያ። እግሯ እየዛለ ወይም እየደነዘዘ ከመጣ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታት፣ ሽንት አልወጣ ካላት፣ መቀመጫዋና ብልቷ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም የጀርባ ሕመሙ ከትኩሳት ጋር እየባሰ ከሄደ፣ ይህ እስካሁን የተነጋገርንበት ሕመም አይደለም። ከስንት አንዴ የሚደርስ ነው፤ ሲደርስ ግን ነገ የሚባል ነገር የለም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ ክርክሬ ልመለስ። ይህን ሁሉ ለአንዲት እናት ለማሳየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ለምን አይነገራትም? በፈረንጆቹ 2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የጤና ምርመራ ያገኙት እናቶች ከመቶው 17 ብቻ ነበሩ። በዚያው ጥናት በኦፕራሲዮን የመውለድ ድርሻ በአገር ደረጃ 2 በመቶ፣ በአዲስ አበባ ግን 21 በመቶ ገደማ ነበር። ከአምስት የአዲስ አበባ እናቶች አንዷ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ እናት በመጀመሪያው ቀን፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው፣ ደግሞም በስድስተኛው ሳምንት እንድትታይ ይመክራል። በእኛ ዘንድ ደህና ክትትል ያገኘችው እንኳ የምትጠየቀው ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ቁስሉና ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ነው። እነዚህ ሕይወት የሚያድኑ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዳቸውም አይቅሩ። «ወገብሽስ?» የሚለው ግን ሲነሣ አልሰማም። የፊዚዮቴራፒ ክፍል ባለባቸው ሆስፒታሎችም ወረፋው አጥንቱ የተሰበረና ስትሮክ የመታው ነው፤ አራስ ወደዚያ ስትላክ ብዙም አላየሁም። ፈረንሳይ ውስጥ ከወሊድ በኋላ የዳሌ ወለልና የሆድ ጡንቻ ማጠንከሪያ ሕክምና በመንግሥት የጤና መድን ይሸፈናል። የፈረንሳይን ገንዘብ ይዘን አይደለም የምናስበው፣ አውቃለሁ። ሐሳቡ ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ የእናት ወገብ ሊታከም የሚገባው ነገር ነው ብሎ ማመን ነው።

አሠሪዎችም ከዚህ አይወጡም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከክፍያ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ትልቅ ነገር ነው። ግን በ91ኛው ቀን ወደ ሥራ የምትመለሰው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ አስተናጋጅ፣ መምህርት ቀኑን ሙሉ ትቆማለች። አንድ ወንበር፣ በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ መቀመጫ፣ ለጥቂት ሳምንታት ከባድ ዕቃ አለማንሣት፤ ይህን አዋጅ እስኪያዘው የሚጠብቅ አለቃ ለምን ይኖራል? ቤት ውስጥም ያው ነው። አባወራው ጀሪካኑን ይሸከም። ምስጋና የሚጠበቅበት እርዳታ አይደለም፤ በሐኪም እንደታዘዘ መድኃኒት ይቁጠረው።

ከጤና ሥርዓቱ የምጠይቀው ደግሞ ባለው ቀጠሮ መጠቀም ነው። በአገራችን የልጅ ክትባት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ነው። እናት የራሷን ቀጠሮ ብትረሳ የልጇን አትረሳም፤ ሦስቱንም ጊዜ ጤና ጣቢያ ትመጣለች። ልጁ ይመዘናል፣ ይወጋል፣ ካርዱ ይሞላል፣ እርሷም አዝላው ትወጣለች። በስድስተኛው ሳምንት ቁስሏ ታይቶ ወገቧ ይጠየቅ፤ ከአልጋ አነሣሷና አጠባቧ ይታይ፣ የሆድ እንቅስቃሴው ይጀመርላት። በአሥረኛው እየቀለላት መሆኑ ይጠየቅ። አሥራ አራተኛው ሳምንት 98ኛ ቀኗ ነው፤ ተቀጣሪ ከሆነች የወሊድ ፈቃዷ ገና ማለቁ ነው። ያን ጊዜም የሚያማት ከሆነ «ይለቅሻል» ተብላ ሳይሆን የሪፈር ወረቀት ተጽፎላት ወደ ፊዚዮቴራፒ ትሂድ። ማደንዘዣ ሰጪዎችም ድርሻ አለን፤ ከኦፕራሲዮኑ በፊት መርፌው የት እንደሚገባ፣ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ በጣታችን ጀርባዋ ላይ እያሳየን እንንገራት፤ ከሆስፒታል ሳትወጣም ተመልሰን እንጠይቃት። በክትባት ካርዱ ላይ ለእናት የሚሆን አንድ መሥመር ቢታተም ደግሞ የምትሞላው ነርስ መጠየቋ አይቀርም።